የድሬ ፀሐይ ፎጣ አይሆንም

ድሬዳዋ ላይ ለመኪና ማድረቂያ ብሎ የማይክሮፋይበር ፎጣ መግዛት ገንዘብ ሜዳ ላይ መበተን ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊው ከተማዋን የሚያውቁ ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ለዛ አለው። የሰጋሁትም ለዚሁ ነው፣ ብዙ ሰው ያምናቸዋል። ያሉት ባጭሩ ይህ ነው። በድሬ ሙቀት የታጠበ መኪና በደቂቃዎች ውስጥ ራሱ ስለሚደርቅ በፎጣ ባይነካ ይሻላል። የግድ ላድርቅ ላለ ሰው ያረጀ ቲሸርት ወይም የገላ ፎጣ ይበቃዋል፤ ጥጥ የተፈጥሮ ነው፣ ማይክሮፋይበር ፕላስቲክ ነው። ከገዛችሁም ከሁሉ ወፍራሙን ግዙ፣ አንዱ ለመላው መኪና ይበቃል። ሲቆሽሽ በበረኪና ቀቅሉት፣ እንዳይሻክር የልብስ ማለስለሻ ጨምሩበት። በመሐል ስለ ማድረቂያ ቆዳና ስለ አሮጌ ፔጆዎችም ያነሱት አለ።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ መኪና ሳጥብ የኖርኩ ነኝ። መጀመሪያ ላቫጆ ተቀጥሬ፣ አሁን ደግሞ የራሴንና የወዳጆቼን። ነገሩ ያገባኛል፤ በየተራ ልመልስ።

ከሙቀቱ ልጀምር፣ ትልቁ ስህተት ያለው እዚያ ነውና። መኪናው ቶሎ መድረቁን ማንም አይክድም። ግን ውሃው ሲሄድ ምን ጥሎ ነው የሚሄደው? መልሱ እያንዳንዳችን ቤት አለ። የሻይ ማንቆርቆሪያችሁን ክዳን ክፈቱና ውስጡን እዩት። ያ ነጭ ቅርፊት ከየትም አልመጣም፣ ከውሃችን ነው። ድሬ የምትጠጣው ከጉድጓድ የሚወጣ፣ በኖራ ድንጋይ ውስጥ እየሰረገ የመጣ ውሃ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ የተተከለውም ዙሪያችን የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ነው። ውሃው ድንጋዩን እያሟሟ ካልሲየሙን ይዞ ይወጣል፤ ሲሞቅና ሲተን ያ የሟሟው ካልሲየም ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚሆነው ኮፈን ላይም ይሆናል።

አንዲት ጠብታ ብቻ ተከታተሉ። መኪናው ጥቁር ነው፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት፣ ኮፈኑ እጅ አያስቀምጥም። ጠብታዋ መጀመሪያ ክብ ሆና ትቆማለች፣ ሰማዩ ውስጧ ይታያል። ከዚያ ከላይ ትሳሳለች፣ ጠርዟ ግን ካለችበት አይነቃነቅም። የያዘችው ሁሉ ወደዚያ ጠርዝ ይሰበሰባል። ስታልቅ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ ቀለበት ትቀራለች፤ በጥፍራችሁ ጫፍ ብትነኳት ትሻክራለች። አሁን ይህንን በኮፈኑ፣ በጣሪያው፣ በመስታወቱ ሁሉ ላይ አባዙት። ጸሐፊው «ራሱ ይደርቃል» ያሉት መኪና ይህ ነው።

ቀለበቱ ትኩስ ሳለ መድኃኒት አለው። አቼቶን በእኩል ውሃ በርዛችሁ፣ መኪናው በቀዘቀዘበት ሰዓት በእርጥብ ጨርቅ ትንሽ አቆይታችሁ፣ ከዚያ በደንብ ታለቀልቁታላችሁ። ሰም የተቀባ መኪና ከሆነ ሰሙ አብሮ ሊነሳ እንደሚችል ግን እወቁ። ሳምንት ሁለት ሳምንት በፀሐይ ሲጋገር ከቆየ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ክሊሩን በልቶ ይገባል። ክሊር የምንለው ከቀለሙ በላይ ያለውን የሚያብረቀርቅ ሽፋን ነው፣ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን፣ ማለትም ከአንድ የጽሕፈት ወረቀት ግማሽ ገደማ። የበላውን ለማውጣት ፖሊሽ ማድረግ ግድ ነው፣ ፖሊሽ ማለት ደግሞ ከዚያች ግማሽ ወረቀት ላይ መፋቅ ማለት ነው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የሚያነሱት ነገር ትክክል መሆኑን ልመን፦ መኪናን በነካን ቁጥር ጭረት የመፍጠር ዕድል አለ። አዎ፣ አለ። ነገር ግን ዛሬ ንጹሕ መኪና ላይ ለስላሳ ፎጣ ለመጎተት የፈራ ሰው፣ ከወር በኋላ የደረቀ ኖራ ለማንሳት አሥር እጥፍ ሊያሽ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚጎዳ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም።

ይልቅ ለሙቀቱ መላ አለው። እጥበቱ ንጋት ላይ፣ ከአንድ ሰዓት በፊት ይለቅ፣ ወይም ፀሐይ ከገባች በኋላ ይሁን። ሌላ ሰዓት ካላገኛችሁ ጥላ ፈልጉ። ከዚራ በዛፍ የታደለ ሰፈር ነው፤ ግን ወፍ የሚያድርበትን ዛፍ አትምረጡ፣ የወፍ ኩስ ከኖራውም የባሰ ነው። መኪናውን ሙሉ አጥባችሁ ከዚያ ለማድረቅ አትሞክሩ፣ ጣሪያውን ስትጨርሱ ኮፈኑ ደርቆ ያገኛችኋል። አንድ ክፍል እጠቡ፣ አለቅልቁ፣ አድርቁ፣ ወደሚቀጥለው እለፉ። በመጨረሻ ስታለቀልቁ የውሃ ጎማውን ጫፍ ሳትቆነጥጡ፣ ውሃው ሳይረጭ ወፈር ብሎ እንዲፈስ ብትተዉት ብዙው ውሃ ራሱ ተያይዞ ይወርዳል፤ ለፎጣው የሚቀረው ጥቂት ነው።

ወደ ቲሸርቱ ልምጣ። ጥጥ የተፈጥሮ ነው፣ ማይክሮፋይበር ፕላስቲክ ነው፤ ሁለቱም እውነት ነው። ፖሊስተርና ፖሊአማይድ ነው፣ ብዙ ጊዜ ሰማንያ በሃያ ወይም ሰባ በሠላሳ ተቀላቅሎ። ግን ለክሊሩ የሚቆጠርለት ጨርቁ ከዛፍ መምጣቱ ሳይሆን ቀሪውን አሸዋ የት እንደሚያስቀምጠው ነው። ምንም ያህል ብታጥቡ አንዳንድ ቅንጣት መኪናው ላይ ይቀራል። የእኛ ከተማ አቧራ ደግሞ ዱቄት አይደለም። ደቻቱ ጎርፍ ካልወረደበት በቀር ወንዝ ተብሎ የሚጠራ አሸዋ ነው፤ ነፋስ ሲነሳ ያንን አሸዋ ነው የምንለብሰው። የአሸዋ ዋና ማዕድን ኳርትዝ ነው፣ መስታወት እንኳ የሚጭር። ክሊሩ አይችለውም። ቲሸርት ዝርግ ነው፤ ቅንጣቷን ከላይ ተጭኖ እንደ እርሳስ ጫፍ ይዟት ይሄዳል። ጥሩ ማይክሮፋይበር ግን ጸጉር አለው፣ እያንዳንዱ ክር ተሰንጥቆ እጅግ ቀጭን ሆኗል። ቅንጣቷ ወደ ውስጥ ትገባና በጸጉሩ መሐል ትቀራለች። ውሃውንም የሚይዘው በነዚሁ ስንጥቆች መሐል ነው፤ ፖሊስተር ራሱ ውሃ አይጠጣም።

የገላ ፎጣ ጸጉር አለው ትሉኝ ይሆናል። አለው፣ አዲስና ንጹሕ ከሆነም ከቲሸርት በእጅጉ ይሻላል። ችግሩ የእኛ ውሃ ነው። የድሬ ሰው የገላ ፎጣውን አጥቦ ገመድ ላይ ካሰጣ በኋላ ሲያወርደው ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ግድግዳ ላይ ብታስደግፉት ይቆማል። ያ ድርቀት ያው ማንቆርቆሪያው ውስጥ ያለው ኖራ ነው፣ በክሩ መሐል የተጋገረ። ጥጥ ደግሞ ብናኝ ይጥላል፤ ጋቢ ቀዶ መኪና ያደረቀ ሰው ስፖኪዮውን ዳር ዳር ይይ። ቲሸርት ላይ ያለውን ስፌት፣ የአንገቱን ጠርዝ፣ የታተመበትን ጎማ ነገርም አትርሱ።

ስለ ማድረቂያ ቆዳ ያሉትን በአጭሩ ልለፈው። ውሃ ይስባል፣ እውነት ነው፤ ግን እንደ ቲሸርቱ ዝርግ ስለሆነ ቅንጣት የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፣ በእኛ አየር ደግሞ ቶሎ ደርቆ ግትር ይላል። ለመስታወት ተጠቀሙበት፣ ለቀለም ተዉት።

ወፍራሙን ግዙ የሚለው ምክር ብዙ ሰው የሚያስት ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። የፎጣ ውፍረት የሚለካው አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ግራም ይመዝናል ተብሎ ነው። ቀጫጭኖቹ ከ200 እስከ 300፣ መካከለኞቹ ከ350 እስከ 500፣ ለማድረቂያ ተብለው የሚሸጡት ከ500 ተነስተው 1200ንም ያልፋሉ። ወፍራም ፎጣ ብዙ ውሃ ይይዛል፣ ይህን አልክድም። እስቲ ግን ከእጅ ጋር አስቡት። 50 በ80 ሴንቲ ሜትር የሆነ 1200 ግራሙ ፎጣ ደረቁን 480 ግራም ነው። የክብደቱን ሦስት እጥፍ ውሃ ቢጠጣ ወደ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። ሁለት ኪሎ እርጥብ ጨርቅ በአንድ እጅ ጣሪያ ላይ ስትጎትቱ ፎጣውን እናንተ አትመሩትም፣ እሱ ይመራችኋል፤ ክብደቱም ከሥሩ ያለውን ሁሉ ይጫናል። ከዚያ ማጠቡ አለ። ማጠቢያ ማሽን የሌለው ሰው ይህንን በሳፋ አጥቦ፣ ከሥሩ የገባውን አሸዋ አስለቅቆ፣ ጨምቆ ለማውጣት ስንት ውሃ ይፈጃል? ውሃ በሚጠፋበት ሳምንትስ? አሸዋው ያልወጣለት ወፍራም ፎጣ ከንጹሕ ቀጭን ፎጣ ይብሳል።

ለእኛ የምመክረው ከ500 እስከ 700 ግራም ያለውን፣ ክሩ እየተጠመዘዘ ቀለበት ቀለበት ሆኖ የተሠራውን ነው። ያኛው ዓይነት በትንሽ ክብደት ብዙ ውሃ ይስባል፣ በእጅም ይታጠባል። ትልቅነቱ 50 በ80 ቢሆን ለቤት መኪና ይበቃል። ፒካፕ ወይም ሚኒባስ ያለው ሰው ትልቁን ከመግዛት ያንኑ ሁለት ቢይዝ ይሻለዋል።

ላዩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ደግሞ ዝም ብላችሁ አትመኑ። ታይዋን ገበያ ገብታችሁ 1200 የሚል ፎጣ ስታገኙ ርዝመቱንና ስፋቱን ለኩ፣ ቀፊራ ገበያ ቡና ወይም ቅመም የሚሸጡ እናት ጋ ሄዳችሁ ሚዛን ላይ ጣል አድርጉልኝ በሏቸው። 50 በ80 ማለት 0.4 ካሬ ሜትር ነው። ሚዛኑ 240 ግራም ካለ፣ 240ን ለ0.4 ስታካፍሉት 600 ይመጣል፤ 1200 ተብሎ የተሸጠው ፎጣ 600 ነው ማለት ነው። 600 መሆኑ ለእናንተ ጥሩ ነው፣ የ1200 ዋጋ አትክፈሉበት እንጂ።

ከሚዛኑ የሚበልጥ ፈተና ግን አለ፣ ሱቁ ውስጥ በአንድ ደቂቃ የሚያልቅ። በደረቅ ጣታችሁ ፎጣውን ቀስ ብላችሁ ዳብሱት። ክሩ የተሰነጠቀ ከሆነ የጣታችሁን ሻካራ ቆዳ ያዝ ያደርጋል፤ አንዳንድ ሰው ስሜቱን አይወደውም፣ ግን የምትፈልጉት እሱን ነው። እንደ ናይለን ሸሚዝ ሙልጭ ካለ ያልተሰነጠቀ ነው። ባለሱቁ ከፈቀደ ደግሞ የሱቁ መስታወት ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ አድርጉና ሳትጫኑ ፎጣውን ጎትቱበት። ጥሩው ውሃውን ይዞ መስታወቱን ደረቅ ትቶ ያልፋል። መጥፎው ውሃውን እየገፋ ዳር ያደርሰዋል። እኔ በዚህ ፈተና የወደቀ ፎጣ ስሙ ምንም ይሁን ገዝቼ አላውቅም።

ጠርዙንም እዩ። ዙሪያው በጠንካራ ክር የተዘመዘመ ከሆነ ጭረቱ የሚመጣው ከዚያ ነው፤ ጠርዝ አልባውን ወይም በለስላሳ ጨርቅ የተከበበውን ምረጡ። የተሰፋበት ምልክት ካለ በመቀስ አትቁረጡት፣ ጉቶው ይቀራል፤ ስፌቱን በምላጭ ፍቱት። ቀለሙ ፈዛዛ ይሁን፣ አሸዋውና ቆሻሻው እንዲታያችሁ። ጥቁር ፎጣ የሚመረጠው ቆሻሻ አያሳይም ተብሎ ነው፤ እኔ የማልመርጠውም ለዚሁ ነው።

አንድ ፎጣ ለሁሉም ይበቃል የሚለው ላይ የራሴን ልንገራችሁ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ገደማ ነበር፣ ላቫጆ ውስጥ። ጥቁር መኪና እያደረቅኩ ፎጣው ከእጄ አመለጠና ጠጠሩ ላይ ወደቀ። ሌላ አልነበረኝም፤ አራገፍኩትና ቀጠልኩ። ምሽት ስለነበር ምንም አልታየኝም። በማግስቱ ባለቤቱ ተመልሰው መጡ። ፀሐዩ በሩ ላይ ሲያርፍ ከእጀታው እስከ ኋላ ፓራፋንጎ ድረስ የእጄን አካሄድ ተከትሎ ቅስት ቅስት የሠራ ጭረት ነበር። ሰውየው አልተቆጡም። ጣታቸውን በጭረቱ ላይ እያስኬዱ «ልጄ፣ ይሄ ይወጣል?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ያቺ ጥያቄ እስከ ዛሬ አብራኝ አለች።

ስለዚህ ቢያንስ ሁለት፣ ቢቻል ሦስት። አንዱ ለጣሪያ፣ ለኮፈንና ለመስታወት። ሁለተኛው ከበሩ ወገብ በታች ላለው፣ አሸዋው የሚሰበሰብበት እሱ ነውና። ሦስተኛው ለቸርኬና ለፓራውልቱ ሥር፣ ያ ፎጣ ተመልሶ ቀለም አይነካም። ቀለማቸው ቢለያይ አትሳሳቱም። መሬት የወደቀ ፎጣ የዚያን ቀን ሥራው አልቋል። ላቫጆ የምታሳጥቡ ከሆነም የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ልጆቹ ቅር አይላቸውም፣ እነሱ የያዙት ፎጣ ከእናንተ በፊት ስንት ባጃጅና አይሱዙ እንደጠረገ አይታወቅም። ስትጠቀሙበትም አታሹ። ዘርጉት፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ወደ ራሳችሁ ጎትቱት።

ስለ ፔጆዎቹ ጸሐፊው ያሉት ማይክሮፋይበር የአሮጌ መኪና ቀለም እንደሚልጥ፣ ማስረጃውም ፎጣው ላይ የሚቀረው ሰማያዊ ቀለም እንደሆነ ነው። ሐረር ያሉትን ፔጆ 404 ታክሲዎች የምወድ ሰው ስለሆንኩ ይህ ስም ማጥፋት ሳይመለስ አይለፍ። ፔጆ 404 ከ1960 እስከ 1975 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፈረንሳይ ውስጥ የተመረተ ነው፤ የዚያን ዘመን ቀለም ከላዩ ክሊር አልነበረውም። ከዚያ ወዲህም በድሮው ዘዴ ያለ ክሊር እየተቀባ የኖረ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ቀለም በፀሐይ ብዛት ላዩ ይሞታል፣ ዱቄት ይሆናል። ፎጣው ላይ የምታዩት ያ የሞተው ዱቄት ነው፤ በጥጥ ብትጠርጉትም፣ በመዳፋችሁ ብትዳብሱትም ይለቃል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሐረር የሚገባ ሰው አንዱን ባለ ታክሲ አስፈቅዶ በጣቱ ይሞክረው።

የቀረው አጠባው ነው፣ እዚህ ላይ የጸሐፊው ምክር ፎጣውን በቀጥታ ይገድለዋል። ማለስለሻ የሚያለሰልሰው ክሩን በቅባት ነገር ሸፍኖ ነው። የተሸፈነ ክር ውሃ አይዝም፤ ስንጥቁ ተደፍኗል። ማይክሮፋይበር ውሃ አልጠጣም አለኝ ብሎ ከሚያማርር ሰው ግማሹ ማለስለሻ የተጠቀመ ነው ብል አልተሳሳትኩም። በረኪና ፖሊአማይዱን ይበላዋል። መቀቀልም ቀጫጭኑን የክር ጫፍ ያበላሸዋል፣ ከ60 ዲግሪ በላይ አታስኬዱት። ሌላም ልጨምር፣ ይህ በተለይ የእኛ ጉዳይ ነው፦ በደረቅ ሳሙና አትጠቡት። በድሬ ውሃ ሳሙና እንደማያረፋ እናቶቻችን ያውቃሉ። ካልሲየሙ ከሳሙናው ጋር ተጣብቆ ዝልግልግ ዝቃጭ ይሠራል፣ ሳፋው ዳር ላይ የሚቀረው ማለት ነው፤ ያው ዝቃጭ ፎጣው ውስጥም ይቀራል። ጥቂት ላርጎ ለብ ባለ ውሃ፣ ለብቻው፣ ከጥጥ ልብስ ጋር ሳይደባለቅ፤ በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ትንሽ አቼቶ ጠብ ብታደርጉበት ኖራው አይጋገርበትም። አዲሱንም ከመጠቀማችሁ በፊት አንዴ እጠቡት፣ ብናኙና የሚለቀው ቀለም ይውጣ።

ስታሰጡ ሙቀቱ ለአንዴ ይጠቅመናል፤ በሁለት ሰዓት ይደርቃል። ግን ውጭ አቧራ ላይ አይሁን፣ በረንዳ ውስጥ ወይም መስኮት ሥር ይሰቀል፣ ሲደርቅ ተጣጥፎ በፌስታል ይታሠር። ጸጉሩ የተኛ፣ ውሃ መግፋት የጀመረ ፎጣ ከላይኛው ክፍል ወደ ታችኛው ይውረድ፣ ከዚያ ወደ ቸርኬ። ቸርኬም ሲበቃው የሞተር ዘይት መለኪያውን ለመጥረግ ኋላ ሻንጣ ውስጥ ይቀመጣል።